ባሕር ዳር ላይ ምን፣ የት፣ በስንት ሰዓት ይበላል?

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። እንዲህ ይላል፦

«በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከእናቴ ጋር ለሦስት ቀን ባሕር ዳር እንሄዳለን። ሪዞርት ውስጥ ተቀምጬ መመለስ አልፈልግም። አንድ ሰፈር መርጬ፣ በእግሬ እየዞርኩ፣ የከተማው ሰው የሚበላውን መብላት ነው ሐሳቤ። ጓደኞቼ ግን ‹እዚያ ከዓሣ ሌላ ምን አለ? እሱንም ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለሽ ብዪ፤ ትኩሱ እዚያ ነው› ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ጥሬ ዓሣ መሞከር ይፈልጋል። በሎሚና በሚጥሚጣ ከታሸ ምንም አያደርግም ባይ ነው። እናቴ ጿሚ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። የትኛው ሰፈር ይሻለናል? ምንስ እንጠንቀቅ?»

ሰፈሩን ላስቀድም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ወደ መናኸሪያውና ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚዘልቀውን መሐል ከተማ ይያዙ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ዳገት የለም። ልጅና አዛውንት ይዘውም ቢሆን በእግር ይሄዱታል። የደከመው ሰው ባጃጅ ይይዛል። ይህን ሰፈር የመረጥኩት ምግብ ቤቶቹ ከሌላው ሰፈር ስለሚበልጡ አይደለም። በአንዱ ጫፍ ሐይቁ፣ በሌላው ጫፍ ገበያው ስላለ ነው። ከተማዋ የምትበላው ነገር በአብዛኛው የሚገባው በእነዚህ በሁለቱ በኩል ነው። ምግቡ ከየት እንደመጣና መቼ እንደደረሰ ያወቀ ሰው የምግብ ቤት ስም ዝርዝር አያስፈልገውም። እኔም ስም አልሰጥዎትም። ዛሬ ጥሩ የሆነ ቤት ወጥ ሠሪዋ ከለቀቀች በወሩ ሌላ ቤት ይሆናል።

ጓደኞችዎ ስለ ዓሣው የነገሩዎት እውነት የሚሆነው ጠዋት ብቻ ነው። የጣና አስጋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ መረባቸውን ማታ ይጥላሉ፤ ጠዋት ያነሳሉ። ዓሣው ከጀልባና ከታንኳ እንደወረደ ነጋዴው፣ ቸርቻሪውና ምግብ ቤቱ ይከፋፈሉታል። ከዚያ በኋላ ሐይቁን እያዩ መብላትና ትኩስ ዓሣ መብላት ለየቅል ናቸው። ውሃው አፍ ላይ ያለ መናፈሻ የትናንት ዓሣ ሊያቀርብልዎት ይችላል። ከገበያው ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ደግሞ ጠዋት የወጣውን ታቀርብልዎት ይሆናል። ወሳኙ ነገር ቤቱ በቀን ምን ያህል ዓሣ ይሸጣል የሚለው ነው። በምሳ ሰዓት ሰው ተሰልፎ የሚጠብቅበት ቤት ዓሣ አያሳድርም። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ግን ባዶ ጠረጴዛ የሚበዛበት ቤት ያሳድራል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓሣ ከበሬ ሥጋ በጣም ቀድሞ ይበላሻል። ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ውሃ ይበዛዋል። በአንጀቱ፣ በቆዳውና በስንጥቡ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች እንደሞተ ሥራቸውን ይጀምራሉ። የባሕር ዳር ቀን ደግሞ ሞቃት ነው። በረዶ ያላገኘ ዓሣ ከጠዋት እስከ ማታ ከቆየ ጣዕሙም ደኅንነቱም ይወርዳል። ስለዚህ ዓሣን የምሳ ምግብ ያድርጉት። ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሉ። ለእራት ሌላ ነገር ይዘዙ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከመልሴ ቢወስዱ እንኳ ሆድዎንም ገንዘብዎንም ያተርፋሉ።

«ሳይጠበስ በፊት ላየው» ማለት ነውር አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ደንበኛ እንዲህ ሲል ደንግጦ የሚያይዎት ቤት ካለ ከዚያ ቤት ይውጡ። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ነው፤ የቆየው ዓይኑ ይጎደጉድና ይደፈርሳል። ስንጥቡን ገለጥ አድርገው ይዩ። ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወደ ቡኒ ወይም ወደ ግራጫ ከሄደ ይተዉት። በጣት ጫን ሲሉት ሥጋው ተመልሶ መነሳት አለበት። ሽታው የውሃ፣ የሣር ዓይነት እንጂ አፍንጫ የሚወጋ መሆን የለበትም። የተገፈፈና የተቆራረጠ ሥጋ ብቻ የሚያሳዩ ቤቶች ላይ ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኛውን ስለማያገኙ ሙሉ ዓሣ ማዘዝ ይሻላል። ዋጋውም በመጠኑ ስለሚለያይ ከመጠበሱ በፊት ተነጋግረው ይጨርሱ።

አሁን ወደ ዓሣው ዓይነት ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጣና ዓሣ አንድ አይደለም። ገበያ ላይ በዋናነት የሚያገኟቸው ሦስት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። አስተናጋጁ «ዓሣ አለ» ሲልዎት «የትኛው?» ብለው ይጠይቁ። ጣዕማቸው፣ እሾሃቸው፣ የሚስማማቸው አሠራር ይለያያል።

ቆሮሶ ጠፍጣፋው፣ ሰፊው ዓሣ ነው። ሥጋው ነጭ ነው፤ ጠንከር ይላል፤ እሾሁ ትልልቅና በቀላሉ የሚለይ ነው። ሙሉ ዓሣ ጥብስ የሚባለው ለእሱ የተፈጠረ ይመስላል። ጎንና ጎኑ በቢላ ይሰነጠቃል፤ ጨው ይገባዋል፤ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ጠርዙ ሲንኮሻኮሽ ውስጡ ርጥብ ሆኖ ይቀራል። በእንጀራ ወይም በዳቦ፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር ይበላል። ለመጀመሪያ ቀን የምመክርዎት ይህንን ነው። በአንድ ትልቅ ሰሃን አንድ ላይ አትዘዙ። አንድ ዓሣ ይምጣ፣ ይበላ፣ ከዚያ ሁለተኛው ይጠበስ። ቀዝቅዞ የተበላ ጥብስ ዓሣ ግማሽ ጣዕሙን አጥቷል።

አምባዛ ረጅሙና ጢማሙ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው። ሥጋው ስብ አለው፤ ለስላሳ ነው፤ የሚያስቸግር ደቃቅ እሾህ የለውም። ለጉላሽና ለሾርባ ይሆናል። ብዙ የኦርቶዶክስ ምእመናን አይበሉትም፤ ምክንያቱም ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ ይከለክላል። እናትዎ ይህን የሚጠብቁ ከሆነ ጉላሽ ሲያዙ መጠየቅዎን አይርሱ። ተቆራርጦ በቁሌት ውስጥ ከገባ በኋላ በዓይን መለየት ከባድ ነው። የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ጥሩ ቤት በእውነት ይመልስልዎታል።

ሦስተኛው ነጭ ዓሣ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከምግብነቱ ያለፈ ጉዳይ አለው። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በጣና ውስጥ ብዙ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ መካከል 15 የሚሆኑት በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ ናቸው። አንዱ ዓሣ በል ነው፤ ሌላው የውሃ እፅዋት ይበላል፤ ሌላው ከጭቃው ውስጥ ይለቅማል። በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ የተለያዩ የካርፕ ወገን ትልልቅ ዓሣዎች ስብስብ ሌላ ቦታ እንዳለ አይታወቅም። አብዛኞቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወደ መሳሰሉ ወንዞች ይወጣሉ። ያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ ስለሚሰበሰቡ መረብ የዘረጋ ሁሉ ያፍሳቸዋል። ቁጥራቸው ክፉኛ የቀነሰውም በዋናነት በዚህ ነው። በላዩ ላይ እምቦጭ መጣ፤ የዳርቻው ደንገልና ረግረግ እየታረሰ ጠፋ። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ምዝገባው ግን መረብ አያስቆምም። የሚያዝዘው ሰው ምርጫ ግን ትንሽም ቢሆን ይቆጠራል። የሚሄዱት በክረምት ከሆነ ነጭ ዓሣ አይዘዙ። ቆሮሶ ይብሉ። እንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ እንደ ጣፋጭ ነገር ቢያቀርቡልዎትም አመስግነው ይለፉት።

በሌላ ወቅት ከሆነ ነጭ ዓሣን በዱለት መልክ ይሞክሩ። ሥጋው ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን በደቃቅ እሾህ የተሞላ ነው። ለዚህ ነው ጎበዝ ወጥ ሠሪ በጣም ደቃቅ አድርጋ የምትከትፈው። የዓሣ ዱለት ከቃሪያ፣ ከሽንኩርትና ከሚጥሚጣ ጋር ብረት ምጣድ ላይ ለብ ሳይሆን በደንብ በስሎ ሲመጣ ከጣና ዳር ምግቦች ሁሉ የምወደው እሱ ነው። ለልጆች ግን አይስጡ። ለእነሱ ቆሮሶ ተለቅሞ ወይም አምባዛ ይሁን። እሾህ ጉሮሮ ላይ ቢሰካ ትልቅ የእንጀራ ወይም የዳቦ ጉርሻ በማስዋጥ ለመግፋት አይሞክሩ። ይህ የተለመደ ምክር ነው፤ ግን እሾሁን ይበልጥ ሊያስገባው ይችላል። ካልወጣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ወደ ባለቤትዎ ጥያቄ ልምጣ። ጥሬ ዓሣ አይብሉ። እዚህ ላይ ማለሳለሻ የለኝም። የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትሎች ይይዛል፤ የጣናም ከዚህ ነፃ አይደለም። ሎሚ የሥጋውን መልክ ያነጣዋል፤ የበሰለም ያስመስለዋል። ትሉን ግን አይገድልም። ሚጥሚጣም አይገድልም። አረቄ አብሮ መጠጣትም ሆድ ውስጥ የገባውን አያጸዳም። ትሉን የሚገድለው በቂ ሙቀት ነው። የዓሣው ውስጥ ቢያንስ 63 ዲግሪ መድረስ አለበት። በዓይን ሲታይ ሥጋው ሙሉ በሙሉ ነጥቶ በሹካ ሲነካ በንብርብሩ ይለያያል ማለት ነው። ሌላው መንገድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ ነው። ለጥሬ ዓሣ ብሎ ይህን የሚያደርግ ቤት ሰፈር ውስጥ አይጠብቁ። ባለቤትዎ የሚፈልገው የቃጠሎውንና የሎሚውን ስሜት ከሆነ ከላይ ያልኩት ዱለት በደንብ ያረካዋል። ጥሬ ሥጋም ቢሆን የኮሶ ትል መንገድ ነው፤ ግን እሱን ባለቤትዎ አዲስ አበባም ሳለ የሚያውቀው ነገር ይመስለኛል።

ዘይቱንም ይዩት። ጠቁሮ አረፋ የሚያወጣና የሚጨስ ዘይት ብዙ ቀን የተመላለሰ ነው። ዓሣው ጠዋት የወጣ ቢሆን እንኳ ጣዕሙን ይገድለዋል፤ ሆድም ይከብዳል። መጥበሻው ብዙ ጊዜ በር ላይ ስለሆነ ሳይገቡ ማየት ይችላሉ።

ስለ ዓሣ ይህን ያህል ካወራሁ ስለ አስጋሪዎቹም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በጣና ላይ ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ በመሥራትና በማስገር ረጅም ታሪክ ያለው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ዛሬም በባሕር ዳር ይኖራል። ይህ ሕዝብ በሚበላው ምግብ ምክንያት ለብዙ ዘመን ሲገለል ኖሯል። ስለ ጣና ዳር ምግብ እየተወራ እነሱን መዝለል ልክ አይደለም። ልጆችዎ ሐይቁ ላይ ታንኳ ሲያዩ ማን እንደሚሠራው ይንገሯቸው። የእጅ ሥራቸውን መግዛትም ይችላሉ። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ግን ያስፈቅዱ።

አሁን ከሐይቁ ጀርባችንን ሰጥተን ወደ ገበያው እንሂድ። «ከዓሣ ሌላ ምን አለ?» ለሚለው መልሱ እዚያ ነው። ከቻሉ ከሦስቱ ቀናት አንዱ ቅዳሜ እንዲሆን ያድርጉ። ቅዳሜ ገበያ በሌላውም ቀን ይሠራል፤ ቅዳሜ ግን ገጠሩ ራሱ ወደ ከተማ ይገባል። ለእናትዎም ይመቻል። በጾም ወቅት እንኳ ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ስለሌለ ጠዋት አብረው ይቀምሳሉ። ከ3 ሰዓት በፊት ይግቡ። ቦርሳዎን ከፊት ይያዙ። አረፍ ማለት ሲፈልጉ ትንንሽ ሆቴሎችና ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች በዙሪያው አሉ።

ገበያው ውስጥ ሲዞሩ ለእህሉ ተራ ጊዜ ይስጡ። ቀይ ቡኒ፣ ከሰናፍጭ የማይተልቅ እህል ካዩ ዳጉሳ ነው። ሜጫና አካባቢው በደንብ ያበቅለዋል። ለጠላና ለአረቄ ይሆናል፤ ግን እንጀራም ይጋገራል። የዳጉሳ እንጀራ ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ጠንከር ያለ ጣዕም ያለው ነው። ከእህሎች መካከል በካልሲየም የበለጸገ ነው። ብዙ ምግብ ቤት ለእንግዳ አያቀርበውም፤ የድሃ እንጀራ ተደርጎ ስለሚታይ ያፍሩበታል። ይህ ሁሌ ያሳዝነኛል። ገበያው አጠገብ ባሉት ትንንሽ ቤቶች «የዳጉሳ ወይም የዳጉሳ ቅልቅል እንጀራ አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ከጎመን ወይም ከሽሮ ጋር ይብሉት።

የነጩ እንጀራ ጉዳይም ማስተካከያ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ በጣም ነጭ እንጀራ ሲቀርብልዎት ማኛ ጤፍ ነው ብለው አይደምድሙ። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ሩዝ ያበቅላል። ሩዝ እዚያ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች አማካይነት ነው። ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘውም እዚያው ወረታ አካባቢ ነው። የጤፍ ዋጋ ሲወደድ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ። ነውር የለበትም። ትኩሱን ሲበሉት ለስላሳና ደስ የሚል ነው። ችግሩ ቶሎ መድረቁ ነው። ጠዋት የተጋገረው ማታ ላይ ይሰባበራል። በጤፍ ዋጋ ማስከፈል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በጤና ምክንያት ስንዴና ገብስ የማይበላ ሰው ካለ ደግሞ እንጀራው በምን እንደተቀላቀለ በግልጽ ይጠይቅ።

ሽሮውን አይናቁት። የዚህ አገር ሽሮ ከአተር፣ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ይዘጋጃል፤ አንዳንድ ቦታ ጓያ ይገባበታል። ፎገራና ደንቢያ ጓያ አብቃይ ናቸው። ጓያ እግር ያሽመደምዳል የሚለውን ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱ የሚመጣው ሌላ እህል በታጣበት ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። አንድ ድስት ሽሮ ስለበሉ የሚደርስብዎት ነገር የለም። ሳይሰጉ ይብሉ።

ለእናትዎ የማስበውም ሽሮን ነው፤ በተለይ ተጋቢኖውን። ሁኔታው እንዲህ ነው። የጾም በያይነት የሚያቀርቡ ቤቶች ወጡን የሚሠሩት ረፋድ ላይ ነው። እናትዎ በ9 ሰዓት ሲቀመጡ ምስሩና አልጫው ለአራት ሰዓት ያህል ለብ ብሎ ቆይቷል። ለብ ያለ ወጥ ደግሞ ለባክቴሪያ የሚመች ቦታ ነው። ተጋቢኖ ግን ሲታዘዝ ነው የሚሠራው። በሸክላው ውስጥ እየተንተከተከ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በ9 ሰዓት እህል ለሚቀምስ ጿሚ ከእሱ የተሻለ አስተማማኝ ምግብ አላውቅም። በያይነት ከፈለጉ ቤቱን ቀድመው አነጋግረው «እንደ አዲስ አሙቁልን» ይበሉ፤ እንፋሎት ካልወጣው አልሞቀም። በዓቢይ ጾም ከሄዱ ስልጆ ካለ ይጠይቁ። ተልባና ሱፍ ፍትፍትም ቀዝቃዛ ስለሆነ ለሙቀቱ ደስ ይላል፤ ዕለቱን የተበጠበጠ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለነፍስ አባታቸው እተዋለሁ። ብዙ ሰው ይበላል፤ በጾም ወቅት የዓሣ ፈላጊ የሚበዛውም ለዚህ ነው። እኔ የምመልሰው የወጥ ቤቱን ጥያቄ ነው። ጉላሹ ቅቤ ሊገባበት ይችላል። ጥብሱም ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ሊጠበስ ይችላል። እናትዎ ዓሣ የሚበሉ ከሆነ ሁለቱንም ይጠይቁ። በጾም ቀን ሥጋ የማይሠራ ቤት ከመረጡ ደግሞ ጥያቄውም አይኖርም።

መንገድ ላይ ከሚሸጠው ውስጥ የምፈቅድልዎት ከእሳት የወረደ ወይም የሚላጥ ነገር ነው። የተጠበሰ በቆሎ፣ ቆሎ፣ ማንጎ፣ ሸንኮራ ጥሩ ናቸው፤ ሸንኮራው ግን ፊትዎ ይላጥ። የተቀቀለ ድንች በዳጣ ይሸጣል፤ ከአዊ ደጋ የሚወርደው ድንች ጣፋጭ ነው። ሲሞቅ ይብሉት። ጥሬ ሰላጣና የተሞላ ቃሪያ በተለይ በክረምት ይተዉ። በምን ውሃ እንደታጠበ አያውቁም፤ ታይፎይድና አሜባ የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው። ለጭማቂ ፍሬው ፊትዎ ተቆርጦ ውሃና በረዶ ሳይገባበት የሚፈጭበት ቤት ይምረጡ።

ጠላ ቤት መግባት ከፈለጉ በር ላይ በእንጨት የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ምልክቱ ነው። የዳጉሳ ጠላ ወፍራምና ጠቆር ያለ ነው። ጌሾው ሐይቁ ውስጥ ገባ ካለው ልሳነ ምድር፣ ከዘጌ፣ የመጣ ሊሆን ይችላል። አረቄውን ግን በጥንቃቄ ይያዙት። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ የሚለካውም የለም። አንድ መለኪያ ይበቃል።

ቡናን በተመለከተ ዘጌን ሳያዩ አይመለሱ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሰው የሚሄደው ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና የሌሎቹን ገዳማት ሥዕል ለማየት ነው፤ ይገባልም። ነገር ግን የሚራመዱበት ጫካ ራሱ የቡና ጫካ ነው። በአካባቢው ሥርዓት በዘጌ በበሬ አይታረስም። ስለዚህ ሰዉ ሲኖር የኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ጫካውም የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው። እዚያው ከሚያፈሉት ሴቶች ዘንድ ቁጭ ብለው ይጠጡ፤ ጥሬ ቡናም ከእነሱ ይግዙ። ለጀልባው የሕይወት ጃኬት መኖሩን፣ በተለይ በልጆቹ ልክ፣ ሳይሳፈሩ ይመልከቱ። ጠዋት ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል።

ሌሎቹን ሰፈሮች በአጭሩ ልለፋቸው። ፔዳ አካባቢ የተማሪ ሰፈር ነው፤ ርካሽና ፈጣን ምግብ ይበዛል። ፍርፍርና እንቁላል ለቁርስ ጥሩ ነው። አባይ ማዶ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፤ በእግር ለመዞር ግን የተበታተነ ነው። ሥጋ ለሚፈልግ ሰው ልኳንዳ ቤቶች በየሰፈሩ አሉ። የክርስቲያንና የሙስሊም መሆናቸው በምልክት ይታወቃል፤ ጥብሱ እዚያው ይሠራል። ይህን ለእራት ያድርጉት፤ ዓሣ የማልመክርበት ሰዓት ነው። ማታ ከመውጣትዎ በፊት ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ያረፉበትን ቤት ይጠይቁ። ከከተማ ውጭ ለመሄድም የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ከአገሬው ሰው አጣርተው ይውጡ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ዓርብ ይድረሱ። ቅዳሜ በጠዋት ገበያ ይግቡ፤ እዚያው ዳጉሳና ሽሮ ቅመሱ፤ ምሳ ላይ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ እየሄዱ ሰው የሞላበት ቤት ገብተው ሙሉ ቆሮሶ ያስጠብሱ። እሑድ ጠዋት ዘጌ ይሂዱ፤ ለምሳ ተመልሰው ዱለቱን ይሞክሩ፤ ክረምት ከሆነ ግን ቆሮሶ ይድገሙ። ሐይቁ ዳር የሚቀመጡት ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ለሻይና ለቡና ይሁን። ለዚያ ከባሕር ዳር የተሻለ ቦታ የለም፤ ዓሣ ግን በዚያ ሰዓት አይዘዙ።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ልጨምር፤ ሁሉም የሚጠይቀው ስለሆነ። ዓሣ ይዘው ወደ አዲስ አበባ አይመለሱ። በመኪና የሙሉ ቀን መንገድ ነው፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ዓሣ ይህን አይችልም። ትንሽ የበረዶ ከረጢትም አታድነውም። ለቤትዎ የዘጌ ቡና፣ ጌሾና ጥቂት ኪሎ ዳጉሳ ይግዙ። ዳጉሳውን ከጤፍ ጋር አንድ ለሦስት ቀላቅለው ያስፈጩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጋግር ሰው ከዚያ በላይ ሲበዛ ምጣድ ላይ ያስቸግራል።